የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆማ ለተመለሰችው እህቴ

እህቴ፣ «ለንደን ነው የምኖረው፤ ስንሸራሸር አንዲት የእንግሊዞች የገጠር ቤተ ክርስቲያን አግኝተን፣ የተዋሕዶ ልጅ ስለሆንኩ መግባት ነውር መስሎኝ ከደጅ ተመለስኩ፤ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለሻል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ከአጥር ውጭ እየተሳለምኩ ነው ያለፍኩት።

ደፍሬ የገባሁት ኤሴክስ ውስጥ ያለችው ግሪንስቴድ የምትባል ቤተ ክርስቲያን ነው። በሴንትራል ላይን ባቡር እስከ ኤፒንግ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ኦንጋር፣ ከኦንጋር ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር። ግድግዳዋ ለሁለት የተፈለጠ የኦክ ግንድ ነው፤ ክቡ ጎን ወደ ውጭ፣ ጠፍጣፋው ወደ ውስጥ ሆኖ እንደ አገር ቤት አጥር ጎን ለጎን ቆሟል። እንጨቱን የመረመሩት ባለሙያዎች ዛፎቹ የተቆረጡት እ.ኤ.አ. ከ1063 እስከ 1108 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ይላሉ። ንጉሥ ላሊበላ ሳይነግሥ ማለት ነው! እኔ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ሻካራ ነው፣ ተሰነጣጥቋል።

የእነዚህ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት በር የተቆለፈ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ቀን ቀን ክፍት ነው። የብረት ቀለበቱን ጠምዘዝ አድርገሽ በትከሻሽ ገፋ ነው።

እንደገባሁ ጫማዬን አወለቅሁ። ጥቅምት ነበር፣ ወለሉ አጥንት ይሰብራል። አበባ የሚያስተካክሉ አንዲት አሮጊት እግሬን አዩና «ረጠበብሽ እንዴ ልጄ?» ብለው ጋዜጣ አምጥተው ጫማዬ ውስጥ ይጠቀጥቁ ጀመር። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ለሙሴ የተባለውን፣ «የቆምህባት ስፍራ የተቀደሰች ናትና» የሚለውን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ እነሱ ሲጸልዩ የሚንበረከኩባትን ትራስ አምጥተው «እዚህ ላይ ቁሚ» አሉኝ። ትራሷ ላይ መስቀል ተጠልፎባታል፤ እንዴት ልርገጣት? ሳምኳትና ጎኔ አስቀመጥኳት። አሮጊቷ ግራ ገብቷቸው ወደ አበባቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ቦርሳዬ ውስጥ ነጠላና ወፍራም የሱፍ ካልሲ አይጠፋም። ገብቼ አቡነ ዘበሰማያት አደርሳለሁ፣ ሙዳየ ምጽዋት ካየሁ ሳንቲም እጥላለሁ፣ እወጣለሁ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጸሎታቸው ላይ ከደረስሽ ከኋላ ተቀመጪ፤ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ መቀመጡ አያስደንግጥሽ። ቁርባን ሲቀርብ ግን ከወንበርሽ አትነሺ፤ የእኛ አይደለም። ከዚህ ያለፈውን ለንስሓ አባትሽ ተይው፣ እኔ መምህር አይደለሁም።

ግሪንስቴድ የሐዋርያው እንድርያስ ናት። እነሱ በኖቬምበር 30 ያስቡታል፣ እኔ ግን በእኛው በታኅሣሥ 4 ነው የምሄደው። በዚያ ሰሞን በእኛ ሰዓት ከቀኑ ዐሥር ሳይሞላ ይጨልማል፣ ስለዚህ በጠዋት ነው መነሳት። ዘንድሮ አብረን እንሂድ ካልሽ ኤፒንግ እጠብቅሻለሁ፤ ካልሲ እንዳትረሺ።