ቡሄ ካለፈም ክረምት አለ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በዓሣ ወይም በውኃ ጥናት ተመርቃችሁ ጣና ዳር ሥራ ለምትጀምሩት ነው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ጉልበቴ የፎገራን ጭቃ አይችልም። ቦት ጫማዬ ግን አሁንም በር ሥር ተቀምጧል፤ ባለቤቴ ልትጥለው ስትል በየዓመቱ እንከራከራለን።

"ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት" ይባላል። የጣና ነጭ ዓሣ ይህን አባባል አልሰማም። ሐምሌ ላይ ወንዞቹ ሞልተው ሲደፈርሱ ከሐይቁ ተነሥቶ ወደ አፋቸው ይሰበሰባል፤ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ፣ ግልገል ዓባይ። ከዚያ ሽቅብ ይወጣል። ዋናው ጊዜ ነሐሴና መስከረም ነው፤ ማለትም እኛ ክረምቱ ወጣልን ስንል እሱ ገና ሥራ ላይ ነው።

እንቁላሉን የትም አይጥልም። ጉማራን ብትወስዱ፣ ዋናውን ድፍርስ ወንዝ አልፎ ትንንሾቹን ገባሮች ይፈልጋል። ውኃው ጥርት ያለና ፈጠን ብሎ የሚሮጥ፣ ከሥሩ ጠጠር ያለበት መሆን አለበት። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ይገባል፤ በዚያ የሚያልፈው ውኃ አየር ያደርስለታል። ደለል ከተጫነው ታፍኖ ይቀራል። ጉና ተራራ ላይ የታረሰ ዳገት ታች ያለን ዓሣ የሚገድለው እንዲህ ነው።

ጨቅላው ሲፈለፈል አስኳሉን እንደ ስንቅ ይዞ ጠጠሩ ውስጥ ይቆያል። ስንቁ ሲያልቅ ብቅ ይላል። ቆረሶ የምትባለው ሌላዋ የጣና ዓሣ እንኳ ልጆቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። የነጭ ዓሣ እናት ግን ጥላ ወደ ሐይቁ ተመልሳለች። ጨቅላው ገና ዋና በደንብ አልቻለም፤ ውኃው ወደ ወሰደው ይሄዳል። ኩሬና ጸጥ ያለ ዳርቻ ካገኘ ትንሽ ይጠነክራል። ከዚያ ወንዙ ሳይጎድልበት ጣና መድረስ አለበት። በጋ ላይ ወንዙ ሲቆራረጥ፣ በየዳሩም የመስኖ ፓምፕ ሲተከል፣ የቀረው ቀረ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 እንደሚከፈት ታውቃላችሁ። ገንዘቡ እጅ የሚገባው ግን መቼ እንደሆነም ትደርሱበታላችሁ። አንድ ዓመት በጀት ተጠበቀ፣ ከዚያ መኪና፣ ከዚያ ውሎ አበል። ጅረቱ ጋ የደረስነው ጥቅምት ሲጋመስ ነው። ውኃው ኩልል ብሎ ድንጋዩ ይቆጠራል። መረብ ጣልን፤ የረባ ነገር የለም። በሬዎቹን ውኃ ሊያጠጣ የመጣ ገበሬ መሣሪያችንን ዓይቶ ሳቀና "ጌታው፣ ሠርጉ እኮ አለቀ" አለኝ። እኔ ግን ሪፖርቴ ላይ "የወጣው ዓሣ ቁጥር ቀንሷል" ብዬ ጻፍኩ። ቀንሶ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያንን አላየሁም፤ ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ማንም አልጠየቀኝም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ሰኔ ላይ፣ በጀቱ ሳይዘጋ፣ ነዳጁንም ቦቱንም አዘጋጁ። ካልሆነ ከኪሳችሁም ቢሆን በአውቶቡስ ሂዱ። ጅረቱ ዳር ከሚኖሩ ልጆች ጋር ተስማሙና ውኃው የጠራበትን ቀን፣ ዓሣው የታየበትን ቀን ይመዝግቡላችሁ። ደብተርና እስክሪብቶ ብዙ ብር አይፈልግም። ጨቅላ ስትቆጥሩ ደግሞ ቀን ብቻ መረብ ጥላችሁ "ዜሮ" እንዳትሉ። በሌላ አገር በተጠኑ ብዙ የወንዝ ዓሦች ዘንድ ጨቅላው በብዛት የሚወርደው ሌሊት ነው። እንቅልፍ እንደሚያሳጣችሁ አልደብቅም።

ቀኑ ላይ ለምን ድርቅ አልክ ትሉኝ ይሆናል። ድሮ ነጭ ዓሣን ሁሉ፣ መልኩ ይለያያል እንጂ አንድ ዝርያ ነው ያሉ ምሁራን ነበሩ። ዛሬ ከ15 በላይ ዝርያ እንዳለ ይታወቃል። ይህን ካስረዱት ነገሮች አንዱ ጉማራ ላይ የታየው ነው፤ አንዱ ዝርያ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ፣ ሌላው በሌላ ጅረት እንቁላሉን ይጥላል። እንዲህ ተራ ጠብቆ የሚሄድን ነገር አንድ ሳምንት ሄዶ አየሁት ማለት አይቻልም። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለ ዓሣም ሽቅብ ዘልሎ ጣና አይገባም። እዚህ ያለው ከጠፋ ከሌላ የሚመጣ ምትክ የለም።

እየጠፋም ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 በተደረገ ክትትል የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ ወርዷል። የሞተር ጀልባና ትልቅ መረብ የመጣው በዚያው አቆጣጠር ከ1986 ወዲህ ነው። ዓሣው ወንዝ አፍ ላይ ተጨናንቆ ሲጠብቅ መረብ መዘርጋት፣ በር ላይ ቆሞ እርጉዝ እንደ መያዝ ነው። ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ የሚበትንም አለ። አሸዋና ጠጠሩ ደግሞ በገልባጭ መኪና ይወጣል። በፍልሰታ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ ልተወው፤ ጾም ሲገባ ገበያው እንደሚደራ ግን የባሕር ዳር ሰው ያውቃል። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ ነው።

ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 315/1995፣ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ አሥጋሪው ላይ ብቻ አትጩኹ። እሱም ልጆች አሉት፤ መስከረም ሲጠባ ደብተር ይገዛል። አብራችሁት ታንኳው ላይ ውጡ፤ እንቁላል የተሸከመችውን ሆዷን ሲቀድ እሱ ራሱ ምን እንደሚል ስሙ። እኔ ብዙ የተማርኩት እዚያ ነው።

ቦቱ ቁጥሩ 42 ነው። የግራው ትንሽ ውኃ ያስገባል። ዘንድሮ ጉማራ የሚወርድ ካለ ይውሰደው፤ ባለቤቴም ደስ ይላታል።