«ሪድ» ነው «ሬድ»?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። 6ኛ ክፍል ያለች ልጄን ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናታለሁ። ባለፈው «ሺ ሪድ ዘ ሌተር የስተርደይ» ብዬ ሳነብላት፣ «እማ፣ ሬድ ነው እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ። ሬድ ቀይ አይደለም እንዴ? ፊደሉ ደግሞ ያው አር፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ ነው። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ልጅሽ ረትታሻለች፣ እህቴ። ለአሁን ሪድ፣ ለትናንት ሬድ፣ «ሃቭ» ሲቀድመውም ሬድ። አጻጻፉ ሦስቱም ላይ አንድ ነው። ድምፁ እውነትም ከቀዩ ጋር አንድ ነው፤ ቀለሙ ግን ሲጻፍ ኤ የለውም።

ታዲያ በምን ይለያል? በአማርኛ «አለ»ን እንደምትለዪው ነዋ! «ልጁ ቤት አለ» ስትይ «ለ»ን ታጠብቂያለሽ፣ «ልጁ እመጣለሁ አለ» ስትይ ታላያለሽ። ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት የለም፣ አንቺ ግን ግራና ቀኙን አይተሽ ስለምታነቢ አትሳሳቺም። እዚህም እንደዚያው ነው። «የስተርደይ» ካለ አለቀ። እሱ ባይኖር እንኳ «ሺ» ብሎ ጀምሮ ግሱ መጨረሻ ላይ ኤስ ከሌለ፣ መሃል ላይም እንደ ካን፣ ዊል፣ ዲድ ያለ ረዳት ግስ ካልገባ፣ ነገሩ ያለፈ ነው፤ የአሁን ቢሆን «ሺ ሪድስ» ይል ነበራ።

ጉዱ ያለው ዲድ ላይ ነው። «ዲድ ሺ ሪድ ኢት?» ሲባል ስለ ትናንት እያወራን ነው፣ ድምፁ ግን ሪድ ነው። ኃላፊነቱን ዲድ ስለተሸከመው ዋናው ግስ ወደ ጥሬው ይመለሳል። እኔ ራሴ ስንት ዘመን «ዲድ ዩ ሬድ» እያልኩ ኖሬአለሁ፣ ያረመኝም አልነበረም።

ግሱ ስምም ይወጣዋል። በየወሩ ደረጃውን እየወጣ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ «ሪደር» ነው፣ ንባቡ «ሪዲንግ»። ደስ የሚል መጽሐፍ ደግሞ «ኤ ጉድ ሪድ» ይባላል። ብዙ ያነበበ ሰው ግን «ዌል ሬድ» ነው፣ እዚህ ቅጽል ሆኖ በሬድ ይነበባል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ በሚቀጥለው ማታ አንቺ ቅደሚያት። «ሊድ»፣ መምራት የሚለው፣ ሲታይ የሪድ ወንድም ይመስላል። ኃላፊው ሌድ ነው፣ ግን ሲጻፍ ኤውን ይጥላል። ኤውን ሳትጥዪ ጽፈሽ ሌድ ብለሽ ካነበብሽው እርሳስ፣ ብረቱ፣ ሆኖ ያርፋል።