መልስ፦ በሰኔ ሙቀት ግማሽ አይረንማን እንዴት ይቻላል?

ወንድሜ፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚካሄደውን ኢግልማን የተባለ ግማሽ አይረንማን (ዋና፣ ሳይክልና ሩጫ ተከታትለው ያሉበትን ውድድር) በዚያ ሙቀት እንዴት ቻልከው ላልከኝ፣ ወሳኙ ሳይክሉ ነው። 90 ኪሎ ሜትሩ ሜዳ ለሜዳ ስለሆነ እግርህ ጨምር ጨምር ይልሃል፣ አትስማው፤ እዚያ ያልጠጣኸውን ደግሞ ሩጫው ላይ አታካክሰውም፣ ስትሮጥ ሆድ ብዙ ፈሳሽ አይቀበልማ። የሩጫው 21 ኪሎ ሜትር ላይ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። እኔን ያዳነኝ በረዶ ነው። ውሃ በሚታደልበት ሁሉ እፍኝ በረዶ ኮፍያዬ ውስጥ ጨምሬ አደርገዋለሁ፣ ቀልጦ በአንገቴ ሲወርድ ነፍሴ መለስ ትላለች። ጨው አትርሳ፣ ባዶ ውሃ ብቻ መጋት የደምህን ሶዲየም ያወርደዋል፣ አደገኛ ነው። ከውድድሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለህ በቀትር ተለማመድ። በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ ካለህ ወይም ካዞረህ ግን ሰዓቱን እርሳው፣ ቁምና እርዳታ ጥራ።