«ኳሱ ከመጣ ወዲህ ልጁ የእሱ ሆኗል»

ደብዳቤው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። ማንነቷን የሚያሳውቀውን አውጥቼ፣ ረዘም ያለውን አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። ቤት የሚገኘው ቅዳሜና እሁድ ነው፣ እሱም ከተገኘ። ትልቁ ልጃችን 12 ዓመቱ ነው። ከአምና ጀምሮ ሳቢያን አካባቢ በታዳጊዎች ፕሮጀክት ኳስ ይሰለጥናል። ቅዳሜ ጠዋት ጨዋታ ሲኖር አባቱ ይዞት ይሄዳል። እዚያ የሚያደርገውን ብታይ! መስመሩ ላይ ቆሞ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ይጮሃል። ‹ልቀቃት! ምታ! ምን ትገተራለህ!› ዳኛውን ይሳደባል። በቀደም አሰልጣኙ ልጁን ሲቀይረው ሜዳ ድረስ ገብቶ ተጣልቷል። ይህን የነገረችኝ ልጇ እዚያ የሚጫወት ጎረቤቴ ናት። እኔ ቅዳሜ ገበያ ስላለብኝ ሄጄ አላውቅም። ልጄን ሲመለስ በር ላይ ‹አባትህ ዛሬ ምን አደረገ?› ስለው ‹አቦ፣ ምንም› ይለኛል። ውሸት አስተማረው ማለት ነው። ባሌን ስናገረው ‹አንቺ ስለ ኳስ ምን ታውቂያለሽ› ይላል። ኳሱ ከመጣ ወዲህ ልጁ የእሱ ሆኗል። ከጨዋታ በኋላ ከዚራ ሰፈር ወስዶ ጁስ ያጠጣዋል። ይህንንም ያወቅኩት ማሊያውን ሳጥብ የማንጎ እድፍ አይቼ ነው። ልጁን ከቡድኑ ላስወጣው አስቤያለሁ። ወይስ ባሌን የማስቆምበት መንገድ አለ?»

እህቴ፣ እንደ ድሬ ልጅ «አንተ» ብለሽ ስለጻፍሽልኝ እኔም «አንቺ» እያልኩ ልመልስልሽ።

ስለ ጩኸቱ ልክ ነሽ። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ በአንድ አፍታ ብዙ ነገር መወሰን አለበት። ተከላካዩ ከየት እየመጣ ነው? ማን ነፃ ነው? ልምታ ወይስ ላቀብል? በዚያች ቅጽበት አሰልጣኙ ከአንድ ወገን «አቀብል» ሲል አባቱ ከሌላው ወገን «ምታ» ካለው፣ ልጁ ኳሷን ትቶ የማንን ልስማ እያለ ነው። ዳኛ መሳደቡና ከአሰልጣኝ ጋር መጣላቱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ልጁ ሰኞ ወደ ልምምድ የሚመለሰው ወደዚያው አሰልጣኝ ነው፣ በእነዚያው ልጆች ፊት።

በዚህ ነገር ላይ ጥሩ ማስረጃ የተገኘው እኛ ብዙም ከማናውቀው ጨዋታ ነው። አሜሪካኖች ከ1939 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊትል ሊግ የሚባል የልጆች ቤዝቦል ሊግ አላቸው። በ1970ዎቹ ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል የተባሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሜዳ ዳር ተቀምጠው አሰልጣኞች የሚሉትንና የሚያደርጉትን መዘገቡ። ከዚያ ልጆቹን ጠየቁ። ልጆቹ አሰልጣኛቸውን መውደዳቸው ወይም አለመውደዳቸው ቡድኑ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ ጋር ያን ያህል ግንኙነት አልነበረውም። የወደዱት የሚያበረታታቸውን፣ ሲሳሳቱም አይዟችሁ ብሎ የሚያሳያቸውን ነው። ከዚሁ ጋር ሌላ ነገር ተገኘ። የሚያሸንፉ ቡድኖች ልጆች፣ ወላጆቻቸው አሰልጣኙን የበለጠ እንደሚወዱት ያስቡ ነበር። ማሸነፍ ለእነሱ ለራሳቸው ያን ያህል አይደለም፤ ለትልልቆቹ ግን ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ገብቷቸዋል።

ልጆች እንዲህ ናቸው። የትልቅ ሰው ፊት ያነባሉ። ልጅሽ ሜዳ ላይ የአባቱን ፊት ያነባል። ቤት ሲገባ ደግሞ ያንቺን።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባልሽ አለ። አሰልጣኙ አለ፣ ዳኛው አለ፣ ጎረቤትሽም አለች። የሌለው ልጁ ነው። ኳስ ይወድ እንደሆነ አልጻፍሽም። አጥቂ ይሁን በረኛ አላውቅም። ታኬታውን አስሮ ሲወጣ ፊቱ ይበራል ወይስ ሆዴን አመመኝ ይላል? በዚያ ሁሉ ገጽ የእሱ ድምፅ የተሰማው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፦ «አቦ፣ ምንም።» እሱንም ውሸት አልሽው።

እኔ ውሸት ብዬ ለመፍረድ ይከብደኛል። እስቲ ራስሽን በእሱ ቦታ አድርጊው። ፀሐይ ሲመታው አርፍዶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ደርሷል። አባቱ ከኋላው የባጃጁን ሒሳብ እየከፈለ ነው። አንቺ «አባትህ ምን አደረገ?» አልሽው። «ጮኸብኝ» ቢል ምን እንደሚከተል ያውቃል። ማታ ጭቅጭቅ ነው፤ እሁድ ኩርፊያ ነው፤ አባቱ ሳይታረቅ መንገድ ይወጣል። ኳሱም ሊቀር ይችላል። «ጥሩ ነበር» ቢልሽ ደግሞ ለአባትህ አደላህ የምትዪው ይመስለዋል። ስለዚህ ማንንም የማይጎዳ ቃል መረጠ። ያ ቃል ቤቱን ለማቆየት ነው የወጣው። አንድ ልጅ በዚህ ዕድሜው እንዲህ ያለ ስሌት ውስጥ መግባት ግን አልነበረበትም።

ጠዋት ሜዳ ላይ ተጫዋች የነበረው ልጅ ከሰዓት ቤት ውስጥ ዳኛ ሆኗል። አንቺ በአባቱ ላይ ፊሽካ እንዲነፋልሽ ትጠብቂያለሽ። አባቱም በበኩሉ «ለእናትህ እንዳትነግራት» ብሎት ይሆናል፤ ባይለውም ልጁ ሳይነገረው ገብቶታል። መሬይ ቦወን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይህን ሦስት ማዕዘን ይለው ነበር። ሁለት ሰዎች መሐል ያለው ውጥረት ሲከብዳቸው ሦስተኛ ሰው ይስባሉ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ለመሳብ የሚቀርበው ልጅ ነው። ሲያደርጉት ክፋት የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ ልጃቸውን እየጠበቁት ይመስላቸዋል። አንቺም የምታደርጊው ለእሱ አስበሽ መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም የባልሽ ጩኸት ልጁን የሚያስጨንቀው ለአንድ ጨዋታ ያህል ነው። የአንቺ ጥያቄ ግን ቤት ድረስ አብሮት ይገባል። ይህን ማለቴ ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ። ሳልለው ብቀር ግን ደብዳቤሽን አላነበብኩም ማለት ነው።

አሁን ወደ ማንጎው ልምጣ። ስለ ጩኸቱ ብዙ ጻፍሽ። «ልጁ የእሱ ሆኗል» የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከሥሩ ያስከተልሽው እድፍ ደግሞ ሁለት መስመር ነው። ብዕር ያስነሳሽ ግን ይህ ይመስለኛል። ልጁን ሰኞ ማን ይቀሰቅሰዋል? የቤት ሥራውን ማን ያያል? ሌሊት ሲያተኩሰው ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ የሚይዘው ማነው? አንቺ ነሽ። አምስት ቀን ሙሉ እናትም አባትም ሆነሽ ትከርሚያለሽ። ቅዳሜ ሲደርስ አባትየው ይመጣል፣ ልጁን ይዞ ይወጣል፣ ከዚራ ጥላ ሥር አብረው ይቀመጣሉ፣ ይስቃሉ። ላንቺ የሚደርስሽ ማሊያው ነው። ና ያለሽ የለም፤ ጁስ ጠጣን ያለሽ እንኳ የለም። ይህ ያማል። ቢያምሽ አይፈረድብሽም።

ይህ ዕዳ ግን የልጁ አይደለም። ካንቺና ከባለቤትሽ መካከል ያለ ሒሳብ ነው። መንገድ ላይ የሚውል ሰው ሚስት ለመሆን የከፈልሽው ብዙ ነው፤ እሱ ቤት በገባባቸው ሁለት ቀናት ውስጥ ላንቺ የተመደበ ሰዓት ያለ አይመስልም። አንቺንስ መቼ ነው ከዚራ ይዞሽ የወጣው? ደብዳቤሽ ላይ ስላላገኘሁት ነው የምጠይቅሽ። ልጁን ከቡድኑ ብታስወጪው ይህ ሒሳብ አይዘጋም። ልጁም ኳሱን ማን እንደወሰደበት ያውቃል።

ስለ ባልሽም አንድ ነገር ልበል፣ ጥብቅና እየቆምኩለት አይደለም። ከሰባት ቀን ሁለቱን ብቻ ልጁን የሚያይ አባት የመምህሩን ስም አያውቅም፤ ጓደኞቹንም አይለያቸውም። ከልጁ ጋር የሚያወራው ነገር ቢኖር ኳስ ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ያላለውን ሁሉ በአንድ ጨዋታ ሊለው ይፈልጋል፤ ሲወጣ ጩኸት ሆኖ ይወጣል። ሰውየው ልጁን የሚያገኝበት ሌላ በር ካላገኘ፣ ዝም በል ስትዪው የሚሰማው «ልጅህን ተው» የምትዪው መስሎት ነው። «አንቺ ስለ ኳስ ምን ታውቂያለሽ» ያለውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ያ በር የእሱ ብቻ እንዲሆን ፈልጓል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በአንድ ደብዳቤ ትዳር አይታወቅምና የምለውን በልክ ያዢው።

ከቻልሽ አንድ ቅዳሜ ገበያውን ለሌላ ቀን አስተላልፊና ሂጂ። ጃንጥላ ያዢ፣ ትንሹንም ልጅ ይዘሽው ውጪ። ባልሽን ለመሰለል አትሂጂ፤ ልጅሽን እዪው። ኳስ ሲነካ ወዴት ነው የሚያየው? ሲቀየር ምን ይሆናል? ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን እንዴት ነው የሚስቀው? የዚያን ዕለት ማታ ስላየሽው ጥፋት አታንሺ።

የበሩን ጥያቄም ዛሬውኑ ተዪው። «ደከመህ? ውኃ ላምጣልህ?» ይበቃል። ቀስ ብሎ ራሱ ያወራሻል። መጀመሪያ ላይ ዝም ቢልሽ አትደንግጪ፤ ጥያቄው እንደቀረ እስኪያምን ጊዜ ይወስድበታል።

ከባልሽ ጋር የምታወሩት ልጆቹ ሲተኙ ይሁን፣ ጨዋታ በሌለበት ቀን ቢሆን ይሻላል። ከጩኸቱ አትጀምሪ። ሳምንቱ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ማሊያውን ስታጥቢ ምን እንደተሰማሽ ንገሪው። ስለ ጩኸቱ ሄደሽ በዓይንሽ ካየሽ በኋላ ትነግሪዋለሽ፤ ያኔ የጎረቤት ወሬ ነው ሊልሽ አይችልም። አሰልጣኙን ግን ይቅርታ መጠየቅ አለበት። ልጁ እያየ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። ሽማግሌ ለማስገባት አትቸኩዪ። ባልሽ ተከሰስኩ ብሎ ከወዲሁ ከተቀመጠ፣ የሚናገረው ለመከላከል ብቻ ነው።

ከቡድኑ ማስወጣቱን ቢያንስ የዚህ ዓመት ውድድር እስኪያልቅ አቆዪው። ልጁ ራሱ «አልፈልግም» ካለ ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ሁለታችሁም ስሙት፣ ለምን ብላችሁ አታፋጡት።

ደብዳቤሽ ላይ ስለ ዱላ ወይም ስለ ማስፈራራት የተጻፈ ነገር የለም። እንዲያ ያለ ነገር ካለ እስካሁን ያልኩት ምክር አይሠራም፤ መጀመሪያ የአንቺና የልጆቹ ደኅንነት ይቀድማል፣ ለሚቀርብሽ ሰው ዛሬውኑ ንገሪ። ከሌለ ደግሞ ባለቤትሽ ከተማ በሚሆንበት ቀን ሁለታችሁ አብራችሁ ባለሙያ ፊት ብትቀመጡ ከእኔ ጽሑፍ የተሻለ ይጠቅማችኋል። ድል ጮራ ሆስፒታል ሄዳችሁ የሥነ ልቦና ምክር የት እንደምታገኙ መጠየቅ ትችላላችሁ። አንቺ ብቻሽን ብትሄጂም ይሁን፤ እሱ እስኪቆርጥ ግን ጊዜ ስጪው፣ የመንገድ ሰው ቀጠሮ ያስቸግረዋል። እሱም ሊጽፍልኝ ቢፈልግ ደስ ይለኛል። የእሱን ቅዳሜ ከራሱ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።