መጠጡ ይቅደም ወይስ የልቡ ቁስል?

ጥያቄ፦ በወልድያ የምክር አገልግሎት ባለሙያ ነኝ። ከምከታተላቸው ሰዎች አንዱ በ2013 ዓ.ም. በተነሳው የሰሜኑ ጦርነት ወንድሙ ዓይኑ እያየ የተገደለበት ወጣት ነው። ቀን ጫት ይቅማል፤ ማታ ማታ አረቄ ይጠጣል። «ሳልጠጣ ስተኛ ወንድሜ ይመጣብኛል» ይለኛል። ባልደረቦቼ መጠጡን ሳይተው ስለ ደረሰበት ነገር እንዳላነጋግረው ይመክሩኛል። ምን ላድርግ? ጠጥቶ ሲመጣስ ልመልሰው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባልደረቦችዎ የሚሉት በሙያው ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ አካሄድ ነው። ሱሱን አንዱ፣ ትሮማውን (አሰቃቂ ነገር ጥሎ የሚያልፈውን የልብ ቁስል) ሌላው ሲያክም፣ ሁለቱም ያሉበት ሰው ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲመላለስ ሕክምናውን አቋርጦ ይቀር ነበር። ዛሬ የሚመከረው ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ከተቻለም በአንድ ባለሙያ መከታተል ነው። ምክንያቱን ወጣቱ ራሱ ነግሮዎታል፤ አረቄውን የያዘው ለእንቅልፍ ብሎ ነውና፣ ሌላ መላ ሳያገኝ ተው ማለት ከቅዠቱ ጋር ብቻህን እደር ማለት ይሆንበታል።

ይሁን እንጂ መላ ያለው ነገር ሕመሙን እያባባሰበት ነው። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምት ያፈጥናል፤ ይህም በጭንቅ ላይ የኖረን ሰው ይበልጥ ያስበረግገዋል። ከዚያ ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ ይከተላል፤ አልኮል ደግሞ ቶሎ ቢያስተኛም የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይረብሻል። ጫቱን ባቆመ ሰሞን የሚመጣው ዱካክም ከጦርነቱ ቅዠት ጋር ሊምታታበት ስለሚችል አስቀድመው ይንገሩት።

ስለዚህ ከወንድሙ አሟሟት ሳይሆን ከትናንት ማታ ይጀምሩ። «መጠጣት የጀመርከው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ከዚያ በፊት ምን ሰማህ፣ ምን ታሰበህ? ጠጥተህ ምን ቀለለህ? ጠዋትስ?» እያሉ ጥቂት ሳምንታት ሲከታተሉ፣ የትኛው ድምፅና የትኛው ሰዓት ወደ ጠርሙሱ እንደሚወስደው አብራችሁ ትደርሱበታላችሁ። ለዚያ ሰዓት የሚሆነውን ልምምድ ቢሮዎ ውስጥ ያሠሩት፤ እግሩን መሬት ላይ አጥብቆ ይርገጥ፣ ዙሪያውን የሚያያቸውን አምስት ነገሮች በስማቸው ይጥራ፣ ቀኑንና ያለበትን ቦታ ድምፁን አውጥቶ ይናገር። ስለ ግድያው ዝርዝር አይጎትጉቱት፤ ራሱ ካነሳው ግን አያቋርጡት፣ ቀስ ብለው ያዳምጡት። ትዝታውን በቀጥታ የሚነካው ሕክምና በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ቢሆን መልካም ነው፤ ለዚያ ግን መጠጡን ሙሉ በሙሉ እስኪተው መጠበቅ ግድ አይደለም።

አጥብቄ የምለምንዎ አንድ ነገር አለ። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ከሆነ ቤቱ ሆኖ በአንድ ጊዜ እንዲያቆም አያበረታቱት። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ ከ2 እስከ 4 ቀን ውስጥ ደግሞ ለሞት የሚያደርስ መቃዠትና ግራ መጋባት ሊከሰት ይችላል። እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 በሐኪም ክትትል ሊሰጡት ስለሚገባ አስቀድመው ከሆስፒታል ጋር ያገናኙት። ራሱን ስለ ማጥፋት ያስብ እንደሆነም በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም።

ጠጥቶ ሲመጣ ጥልቅ ውይይት አይክፈቱ፤ ግን አያሳፍሩት። ውኃ ይስጡት፣ ማን ቤቱ እንደሚያደርሰው ያረጋግጡ፣ ለማግስቱ ጠዋት ይቅጠሩት። ሲመጣም መጀመሪያ ከመጠጡ በፊት ምን እንደሆነ ይጠይቁት፤ ከቀረ ደግሞ ዕለቱን ይደውሉለት።