የጭቃ ቤቱን ግድግዳ ሲሚንቶ አታልብሺው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ጉለሌ ያለው የቤተሰብሽ የጭቃ ቤት የምግብ ክፍሉ ግድግዳ ይረግፋል፣ አቡጀዲ ኮርኒሱ ቢጫ እድፍ ይዟል፣ የጣውላ ወለሉ ሲረገጥ ይንቋቋል። ባለሙያው ደግሞ ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰን፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም ይሁን፣ ወለሉ ሴራሚክ ይንጠፍበት ብሎሻል። እኔ በሦስቱም አትስማሚ ነው የምልሽ። ሽሮ ሜዳ ያለውን የእናቴን ቤት የምግብ ክፍል አድሰን ዛሬም ድረስ እየበላንበት ስለሆነ ያየሁትን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ቀለምና መጋረጃ ከመምረጥሽ በፊት ውሃው በየት እንደሚገባ እወቂ። አንድ ሰው በቀን ጣራው ሥር ይግባና ከእድፉ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ቀና ብሎ ይመልከት። ሚስማሩ የላላበት ቀዳዳ ብርሃን ያስገባል፣ እዚያው ምልክት ማድረግ ነው። አሸንዳውንም አብራችሁ እዩ፤ ቅጠል ከደፈነው ውሃው ተመልሶ በግድግዳው ነው የሚወርደው። ከዚያ ወደ ውጭ ውጪና የቤቱን እግር እዪ። አሮጌ ሰፈር ውስጥ መንገድ ሲሠራ፣ ግቢ ሲደለደል መሬቱ ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል። ድሮ በግልጽ ይታይ የነበረው የድንጋይ መሠረት ይቀበርና ጭቃው ከአፈሩ ጋር ይገናኛል። ያኔ እርጥበቱ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የእኛም ግድግዳ ይረግፍ የነበረው ከታች በኩል ብቻ ነበር። አፈሩን ቆፍረን ድንጋዩ እስኪታይ ዝቅ አደረግነው፣ ውሃው ከቤቱ እንዲሸሽም ተዳፋት ሰጠነው፣ በአንድ በጋ ደረቀ። ይህ ሥራ ዶማና አካፋ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

አሁን ወደ ሲሚንቶው። ሲሚንቶ ግትር ነው። የጭቃ ግድግዳ ግን በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ እንጨቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ ስለማይያያዙ ነው ባለሙያዎቹ መጀመሪያ የሽቦ ወንፊት በሚስማር የሚመቱበት። ለጊዜው በጣም ያምራል፣ እሱን አልክድም። ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ከልስኑ ኋላ ሆኖ ማገሩንና ቋሚውን ቀስ እያለ ያበሰብሳል፣ አንቺ ደግሞ ከፊት ለፊት ምንም አታዪም። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቤት ልስኑ ተገንጥሎ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ከኋላው የነበረው ቋሚ በጣት ሲነካ ይፈረፈር ነበር።

ስለዚህ ጭቃን በጭቃ ነው የሚጠግኑት። በመጀመሪያ ግድግዳውን በጣትሽ አጥንት እያንኳኳሽ ዙሪያውን ሂጂ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ምርጊቱ ከእንጨቱ የተላቀቀበት ነው፣ እሱን አራግፊው። ድፍን ድምፅ የሚሰጠውን አትንኪው። ቋሚዎቹ ሲገለጡ ከሥራቸው በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አድርጊ። የሐበሻ ጥድ ከሆኑ ምስጥ ብዙም ስለማይደፍራቸው ደህና የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው፣ ባሕር ዛፍ ከሆኑ ግን በደንብ ፈትሺ። ካቻቪቴው ከሰመጠ የበሰበሰውን ቆርጦ ሌላ መቀጠልና ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ እንጂ በጭቃ ሸፍኖ ማለፍ የለም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት የሚሉሽም ይኖራሉ። በምግብ ክፍል በፍጹም፣ ሽታው አይለቅም።

ጭቃው የሚቦካው ከቀይ አፈርና ከጤፍ ጭድ ነው። እየረገጡና ውሃ እየጨመሩ ቀናት ማሳደር ያስፈልጋል፣ ጭዱ ሲለሰልስ ነው ጭቃው ተለጣፊ የሚሆነው። ሠራተኛው ጠዋት አቡክቶ ከሰዓት ልምረግ ካለሽ እንቢ በይ። እኛ ዘንድ የመጡት ሽማግሌ ከጉድጓዱ እፍኝ ያህል አንስተው ያድቦለቡሉና ፀሐይ ላይ ያደርቁት ነበር። ድብልብሉ ከተሰነጠቀ ጭድ ይጨምራሉ፣ ካልተሰነጠቀ ግን በሙሉ እጃቸው ግድግዳው ላይ ለጠፍ አድርገው በመዳፋቸው ይጎትቱታል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ መሰንጠቁ አያስደንግጥሽ። ሁለተኛው ከተነፋ አፈር፣ ከደቀቀ ጭድና ከእበት የሚሠራው ስስ ልስን ስንጥቁን ይዘጋዋል። እበቱ ሲደርቅ አይሸትም፣ ስለ እሱ አትጨነቂ። ይህን ሥራ ከመስቀል በኋላ ጀምሪው፤ የጥቅምትና የኅዳር ፀሐይና ንፋስ የሚያደርቀውን ያህል ምንም አያደርቀውም። ምርጊት የሚያውቅ ሰው ከተማ መሀል ማግኘት ከባድ ነው፣ ከከተማው ዳር ዳር ካሉ መንደሮች ጠይቂ። ለዕድሳት ፈቃድም ቀድመሽ ወረዳ ጎራ በይ፣ ሥራ ከተጀመረ በኋላ ጣጣ ነው።

ለቀለም ኖራ ተጠቀሚ። ፕላስቲክ ቀለም ግድግዳውን ያፍነዋል፣ ኖራ ግን ያስተነፍሰዋል። ኖራ ሲቀባ መጀመሪያ ምንም የሌለ ይመስላል፣ ነጭ የሚሆነው እየደረቀ ሲሄድ ነው። ሰው ይህን ሳያውቅ ይደናገጥና ወፍራም አድርጎ ይደግመዋል፣ ወፍራሙ ደግሞ ይላጣል። ስስ ስስ አድርጎ ደጋግሞ መቀባት ነው። ዓይንና እጅ ያቃጥላል፣ መነጽርና ጓንት ግድ ነው። አንድ ችግር አለው፣ ልብስ ይነካል። ወንበር የሚደገፍበትን ቦታ ከወለል እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ድረስ በጣውላ አልብሱት፣ ከኋላው ግን ትንሽ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተውለት። እኛ ከክፍሉ ሁሉ በጣም የምንወደው ይህንን ነው።

ወለሉን በተመለከተ፣ እንጨት ስለሚለጠጥ ጣውላ ላይ ሴራሚክ ቢነጠፍ ይሰነጠቃል። ጣውላውን አንስቶ አፈር ሞልቶ ኮንክሪት ማፍሰስ ደግሞ እርጥበቱን ሁሉ ወደ ግድግዳው መግፋት ነው። የሚንቋቋው ሚስማሩ ስለላላ ነው፣ ጣውላውን ከሥር ከተሸከመው ወራጅ ጋር በብሎን ይታሰር። የድንጋይ መሠረቱ ላይ የአየር ቀዳዳዎች ካሉ ብዙ ጊዜ ተደፍነው ነው የሚገኙት። ክፈቷቸውና አይጥ እንዳይገባ በሽቦ ሸፍኗቸው። በርና መስኮቱ ላይ ያለውን የድሮ ዘይት ቀለም በደረቁ አትፈግፍጉት፤ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በውሃ እያራሱ መፋቅ ይሻላል፣ ልጆችና ነፍሰ ጡር በዚያ ቀን ቤት ውስጥ አይዋሉ። ማጠፊያና እጀታ የጎደለ እንደሆነ አዲስ ከመግዛትሽ በፊት መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂጂና ፈልጊ። የድሮውን የሚመስል እዚያ ይገኛል።

ኮርኒሱን ከመንካታችሁ በፊት የኤሌክትሪክ ሽቦውን ጨርሱ፣ ምርጊቱም ከዚያ በኋላ ይምጣ። አቡጀዲ ላይ የተጋደመ የድሮ ሽቦ እሳት ነው የሚጠራው። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሂድ። ምጣዱ ለዚያ ክፍል ቅርብ ከሆነ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ጂፕሰም ለድሮ የጣራ እንጨት ይከብዳል፣ ጣራው ካፈሰሰም ይረግፋል። ቀጭን ጣውላ ወይም እንደገና የተወጠረ አቡጀዲ ይበቃል። የእጅ መታጠቢያ ከፈለግሽ ደግሞ ቧንቧውን ጭቃው ውስጥ አትቅበሪው። ላዩ ላይ ታይቶ ይሂድ፣ ካፈሰሰ ወዲያው ታዪዋለሽ።

ማስዋቡ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀላል ነው። አንድ ትሪ ከብቦ ለሚበላ ቤተሰብ ከረጅሙ ጠረጴዛ ክቡ ይሻላል፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ስድስት ሰው ያስቀምጣል። ከጠረጴዛው እስከ ግድግዳው ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ተይ፣ አለበለዚያ ወጥ የያዘች ሴት ከተቀመጠ ሰው ኋላ ማለፍ አትችልም። መብራቱ ቢጫ ይሁን፣ ነጩ ወጡን ያገረጣዋል። የእናትሽን የዋንዛ ቡፌ እንዳትሸጪው እለምንሻለሁ። ቫርኒሹን አስፍቀሽ ሰም ብታስቀቢው ነጭ ኖራ ያለው ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚያምር ታያለሽ። ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አድርገሽ አስቀምጪው፣ ከኋላው አየር ይለፍ።

እስቲ ከውጭ በኩል የግድግዳውን እግር ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፣ ድንጋዩ ይታይ አይታይ እንይ። ባለሙያው ሲሚንቶ ገዝቶ ከሆነም አይጣል፣ ለግቢው ቦይ ይሆናል።