የወደቁትን አስቦ ስለ ጦርነት መከራከር ይቻላል?

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን በዓለም ጦርነቶች ላለቁት አጭር መታሰቢያ ላዘጋጅ ነው። በዚያው ቀን ተማሪዎቹ «ፓሲፊዝም (ጦርነትን የመቃወም አቋም) ጦርነትን ያስቀራል ወይስ ይጋብዛል?» በሚል ይከራከራሉ። አንድ ባልደረባዬ ግን ሁለቱን ማገናኘት ሙታኑን መድፈር ነው ይላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
የታሪክ መምህር

መልስ፦ መድፈር አይደለም። ቢሆንም መታሰቢያው ይቅደም፤ በመካከላቸውም ቢያንስ የግማሽ ሰዓት እረፍት ይኑር። ከኅሊና ጸሎቱ በቀጥታ ወደ ክርክሩ ከተገባ፣ ተከራካሪዎቹ ሙታኑን ለየወገናቸው ምስክር አድርገው ይጠሯቸዋል። መድፈር ካለ ያ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተለመደው ጸጥታ ሁለት ደቂቃ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማብቂያው ስለማይታወቅ ነው፤ ደቂቃው ሳይሞላ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሌላው ያንሾካሹካል። ሰዓት የሚይዝ አንድ ሰው መድቡና መጀመሪያውንም መጨረሻውንም በደወል ያሳውቅ።

ስም የምታስነብቡ ከሆነ ለእያንዳንዱ 4 ሰከንድ ያዙ፤ 100 ስም 7 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሁለት አንባቢዎች እየተቀባበሉ ያንብቡ፣ አለዚያ ንባቡ የክፍል ስም ጥሪ ይመስላል። በማዕረግ አትደርድሩ። በ1917 የተቋቋመው የብሪታንያ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ለጄኔራሉም ለተራ ወታደሩም አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው ያቆመው፤ ቤተሰብ ከግርጌው የሚያስጽፈው ቃልም ክፍተቱን ጨምሮ በ66 ፊደል የተወሰነ ነበር። የቁጥሩን ክብደት ለማሳየት ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ በቤልጂየሟ ኢፕር ከተማ በሚገኘው በሜኒን በር ላይ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ54,000 በላይ ወታደሮች ስም ተቀርጿል። በ4 ሰከንድ ሂሳብ እነሱን ለማንበብ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ 60 ሰዓት ያስፈልጋል።

ወደ ክርክሩ ስንመጣ፣ ትልቁ ስህተት «ፓሲፊዝም» ለሚለው ቃል ሁሉም የየራሱን ትርጉም መስጠቱ ነው። በምንም ምክንያት መሣሪያ አላነሳም የሚለው ሰውና ወራሪ በጋራ ማዕቀብ ይገታ የሚለው ሰው አንድ አይደሉም። በ1935 ውጤቱ የተገለጸው የብሪታንያ «የሰላም ድምፅ» የተባለው የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሳትፎበታል፤ እስከ ዛሬም የፓሲፊዝም ማስረጃ ተደርጎ ይጠቀሳል። ነገር ግን ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት በወራሪ ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ይጣል ብለዋል፤ ከ6.7 ሚሊዮን በላይ ደግሞ ካስፈለገ የጦር ኃይልም ይጨመር ብለዋል።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረች። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፣ ነዳጅን ግን አላካተተም፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት እንደሆነ ቆየ። ማዕቀቡ በ1936 ጁላይ ተነሣ። በእኛ እምነት እዚህ ላይ የወደቀው ፓሲፊዝም ሳይሆን፣ ወራሪውን ሳያቆም እንዲሁ የሚያስቆጣ የግማሽ መንገድ እርምጃ ነው።

ይህ ማለት ግን ፓሲፊዝም ለሁሉም ይበቃል ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ረስል በ1918 የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት በመቃወማቸው ታስረዋል፤ በ1940 ግን ሂትለርን በጦር መመከት ተገቢ ነው ብለዋል። ይህን ለአንዱ ቡድን ስጡ። ለሌላው ቡድን የኖርዌይን መምህራን ስጡ፦ በ1942 አብዛኞቹ ናዚን የሚደግፈው መንግሥት ባቋቋመው የመምህራን ማኅበር አንገባም አሉ፣ ከ1,000 በላይ ታሰሩ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩት ወደ ሰሜን ጠረፍ ለጉልበት ሥራ ተጋዙ፣ ማኅበሩም ሳይሳካ ቀረ። ባዶ እጃቸውን ትምህርት ቤቶቻቸውን አድነዋል፤ የጀርመንን ጦር ግን ከአገር አላስወጡም።

ስለዚህ የክርክሩን ርዕስ ብትቀይሩት ይሻላል፦ «በ1935 ጣሊያንን ሊገታ የሚችለው የትኛው እርምጃ ነበር?» ስዊዝን፣ ቀይ ባሕርንና ምፅዋን የሚያሳይ ካርታ ግድግዳው ላይ ስቀሉ፤ እያንዳንዱ ተናጋሪም መርከቦቹ የት ላይ ይቆሙ እንደነበር በጣቱ ያሳይ።